ከቡፌ የወረዱ ስጦታዎች፦ የሞከርኳቸውን ልንገራችሁ፣ የእናንተንም ንገሩኝ

ቡፌው ሞልቷል · እሁድ፣ ከቀኑ 9፡20

ሰላም ቤቶች። እኛ ቤት አንድ ትልቅ ቡፌ አለ። ከላይ ብርጭቆና የምርቃት ፎቶ፣ ከታች እህቴ ከአሜሪካ የላከቻቸው ካርቶኖች። እህቴ ቨርጂኒያ ናት። ሰው በመጣ ቁጥር የሆነ ነገር ትልካለች። ልብስና ቫይታሚን ብቻ ብትልክ ጥሩ ነበር። እሷ ግን "ይሄን አይታችሁት አታውቁም" የምትለውን ዕቃ ነው የምትወደው። እኛ እናመሰግናለን፣ ፎቶ እናነሳለን፣ ካርቶኑን መልሰን እንዘጋለን። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው።

ለእንቁጣጣሽ ሌላ ሻንጣ ሲመጣ ቡፌው አልዘጋ አለ። በቃ አልኩ። መስከረምን ሙሉ አንድ በአንድ አውጥቼ ልጠቀምባቸው ወሰንኩ። አንድ ቀን ነካክቶ መተው የለም፣ እያንዳንዱ ቢያንስ አንድ ሳምንት። የሚረባው ይቀራል፣ የማይረባው ለሚፈልገው ይሰጣል። ዳኛዋ እማዬ ናት።

መጀመሪያ የእንቁላል መቀቀያው። ስድስት እንቁላል ትደረድሩበታላችሁ፣ በትንሽ መስፈሪያ ውሃ ትጨምራላችሁ፣ ውሃው ተንኖ ሲያልቅ ይጮኻል። የአሜሪካ መብራት ስለሚፈልግ እህቴ 500 ዋት ትራንስፎርመር አብራ ልካለች። መስፈሪያው ላይ "ጠንካራ" የሚለው መስመር ድረስ ሞላሁ። ጮኸ። ሰበርኩት። አስኳሉ እጄ ላይ ፈሰሰ። ሦስት ቀን ሞከርኩ፣ ሦስት ቀን ፈሰሰ። በአራተኛው ቀን እማዬ ምንም ሳትል ድስቱን ጣደች።

ወለል የሚጠርገው ሮቦት ደግሞ ከሁሉም የፈራሁት ነበር። ቻርጀሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚል በቀጥታ ሰካሁት። እማዬ የመጀመሪያ ቀን አማተበች። በሦስተኛው ቀን "እግርሽን አንሺለት፣ ይለፍ" ማለት ጀመረች። ጥሩ እየሄድን ነበር፣ እስከ መስቀል ድረስ። የመስቀል ዕለት ቄጠማ ጎዝጉዘን፣ እንግዳ ተቀምጦ፣ እኔ ሰዓቱን ጠብቆ እንደሚነሳ ረስቼዋለሁ። ከሶፋው ስር ወጣና ቄጠማውን መብላት ጀመረ። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፣ ታንቆ ቆመ። ከብሩሹ ላይ በመቀስ እየቆረጥኩ ነው ያወጣሁት።

ኤር ፍራየሩን አታንሱብኝ። ወንድሜ ድንች አማረውና ትራንስፎርመሩ በእንቁላሉ ስለተያዘ በአዳፕተር ግድግዳው ላይ ሰካው። ጧ! ቆጣሪውን ጣለው፣ ቤቱ ጎማ ጎማ ሸተተ። አንዲት ድንች ሳይጠብስ ሞተ። ለእህቴ እስካሁን አልነገርናትም።

ክብደት ያለው ብርድ ልብስም አለ። ውስጡ ጥቃቅን ዶቃ ነገር ተሰፍቶበታል፣ 15 ፓውንድ ነው፣ ወደ 7 ኪሎ። ሰውን እንደ እቅፍ ይዞ ያስተኛል ተብሎ ነው የሚሸጠው። ለእማዬ አለበስኳት። "ድንጋይ ለብሼ ልተኛ?" አለች። ጉዳዩ በዚሁ ተዘጋ።

አሁን ያልጠበቅኩትን ልንገራችሁ። በካርቶኖቹ መሀል ጣት የምታህል፣ ጫፏ ላይ የሽቦ ቀለበት ያላት፣ በባትሪ የምትሽከረከር ነገር ነበረች። የማኪያቶ ወተት አረፋ መምቻ ናት። እኛ ቤት ማኪያቶ አይጠጣም፣ ልጥላት ነበር። የወንድሜ ሚስት አራስ ናት። እማዬ በየቀኑ አብሽ ትመታላታለች። ሌሊቱን የተዘፈዘፈውን ዱቄት፣ ምሬቱ እንዲወጣ ውሃውን ሁለት ሦስቴ ትደፋና በማንኪያ መምታት ነው። ምቺ፣ ምቺ፣ ክንድሽ ይዝላል። አንድ ቀን ዝም ብዬ ያቺን ነገር ሰጠኋት። ውሃ ጠብ እያደረገች አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም፣ አብሹ ነጭ ሆኖ ኩፍ አለ። እማዬ ዕቃውን አገላብጣ አየችው። "ይቺ ማን ላካት?" አለች። ሁለት ዓመት ቡፌ ውስጥ ነበረች እኮ።

የእናንተስ?

---

ሸገር በጠዋት · እሁድ፣ ከቀኑ 9፡41

እህትሽ ሮቦት ነው የላከችላችሁ በግ?

---

በሶ በጥብጥ · እሁድ፣ ከቀኑ 10፡05

የአብሽ ነገር እውነት ነው። እኔ በሶ እበጠብጥባታለሁ። አንድ ጓል አይቀርም። ማር ጨምሬ እስፖርት ቤት ይዤ እሄዳለሁ። አንድ ምክር ግን፦ ወፍራም ነገር ውስጥ መጀመሪያውኑ አትክተቷት፣ ሞተሯ ደካማ ናት። መጀመሪያ ውሃው፣ ከዚያ ዱቄቱ ቀስ እያለ። ጭንቅላቷ ከፈሳሹ ከወጣች ደግሞ ግድግዳው በሶ ይጠጣል። ከልምድ ነው የማወራው።

---

ጡረተኛው ኤሌክትሪሺያን · እሁድ፣ ከምሽቱ 12፡30

ልጄ፣ ወንድምሽን አትውቀሺው። በአዳፕተርና በትራንስፎርመር መካከል ያለውን ልዩነት ብዙ ሰው አያውቀውም። አዳፕተር የሶኬቱን እግር ቅርጽ ብቻ ነው የሚለውጠው። መብራቱን አይነካውም። ትራንስፎርመር ነው ቮልቱን የሚያወርደው። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የአሜሪካው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ።

ማሞቂያ ሽቦ ያለው ዕቃ ላይ ቮልቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። 220ን ለ120 አካፍዪ፣ ያገኘሽውን በራሱ አባዢው፣ ከዚያ በዕቃው ዋት። 1500 ዋት ኤር ፍራየር ከግድግዳ ሲሰካ ወደ 5000 ዋት ሊስብ ይሞክራል። የኤሌክትሪክ ምጣድ እንኳ 3500 አካባቢ ነው። እንዴት አይቃጠል?

500 ዋቱ ትራንስፎርመር ላይ ቢሰካውም አያዋጣም ነበር። ያኔ የሚቃጠለው ትራንስፎርመሩ ነው። ለዚያ ዕቃ ቢያንስ 2000 ዋት ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ሙሉ ብረት ነው፣ ወገብ ይሰብራል። ስለዚህ ከመሰካታችሁ በፊት ዕቃውን ገልብጡና ከታች ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። "100–240" ካለ በቀጥታ ሰኩ። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር አብዛኛው እንደዚያ ነው። "120" ብቻ ካለ እጃችሁን ሰብስቡ። በእኔ አስተያየት ሙቀት የሚያወጣ ነገር ከአሜሪካ ባይመጣ ይመረጣል።

---

የሲኤምሲ ጎረቤት · እሁድ፣ ከምሽቱ 1፡10

ጋሼ፣ እስቲ አንድ ነገር ይፍቱልኝ። አጎቴ ለአባዬ የራስጌ ሰዓት አምጥቶለት ነበር። ከግድግዳ የሚሰካ፣ ቁጥሩ በቀይ የሚያበራ፣ የቆየ ሞዴል። በትራንስፎርመር ነው የሰካነው፣ አልተቃጠለም። ግን ማታ ያስተካከልነው ሰዓት ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይቶ ይገኛል። አባዬ ኪዳን እያመለጠው ተቸገረ።

---

ጡረተኛው ኤሌክትሪሺያን · እሁድ፣ ከምሽቱ 1፡32

በሰዓት 10 ደቂቃ እየቀረ ነው አይደል? ኸርዙ ነው። ያ ዓይነት ሰዓት ጊዜውን የሚቆጥረው በመብራቱ ምት ነው። 60 ምት ሲቆጥር አንድ ሰከንድ አለፈ ይላል። እዚህ በሰከንድ የሚያገኘው 50 ነው። ትራንስፎርመር ቮልት ያወርዳል እንጂ ኸርዝ አይቀይርም። ሰዓቱ ጤነኛ ነው።

---

የሲኤምሲ ጎረቤት · እሁድ፣ ከምሽቱ 1፡35

ሦስት ዓመት ሙሉ "ፎርጅድ ነው" እያልን አጎቴን ስናማው!

---

ብርዱ ደብረ ብርሃን · እሁድ፣ ከምሽቱ 2፡15

የፊዚክስ መምህር ነኝ፣ የእንቁላሉን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ዕቃው አልተበላሸም። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። እኔ ጋ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። ስለዚህ እንቁላልሽን የሚያበስለው እንፋሎት ባህር ዳርቻ ካለው ሰው እንፋሎት ይቀዘቅዛል። መስፈሪያው ላይ ያለው መስመር ግን የተሰመረው ለዚያ ሰው ነው። እንቁላሉ ሳይደርስ ውሃው አልቆ ይጮኻል። ውሃ ጨምሪ። ከመስመሩ በላይ ግማሽ ያህል አድርገሽ ሞክሪና ንገሪን።

ሽምብራና ባቄላ እኛ ጋ ድስት ላይ የሚያድረው በዚሁ ምክንያት ነው። ለደጋ ሰው ስጦታ መላክ የሚፈልግ ካለ ምድጃ ላይ የሚጣድ ፕሬዠር ኩከር ይላክ። ሶኬት የለው፣ ቮልት የለው። እንፋሎቱን አፍኖ ውሃው ከ100 በላይ እንዲሞቅ ያደርጋል። እናቴ ጋ ያለው አንድ ጎማ ብቻ ነው የተቀየረለት።

---

ድሬ ነው ቤቴ · እሁድ፣ ከምሽቱ 2፡28

እኛ ጋ ይሠራል። ላኪልን።

---

ላኪዋ · እሁድ፣ ከምሽቱ 4፡50

ሁላችሁም ስትስቁ አነበብኩ። ሳቁ። ግን አንድ ነገር ልበል።

እኔ ከላኪዎቹ ወገን ነኝ። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ከዚያ ውስጥ 7 ኪሎ ለብርድ ልብስ መስጠት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? የራሷን ልብስ አውጥታ ነው። ወይ ሰው ለምና ነው። ሌሊት ሚዛን ላይ እየቆመች፣ ከሻንጣው ጋር አብራ እየተመዘነች። እናንተ "የማይረባ" ትላላችሁ። እኛ ሱቅ ውስጥ የሆነ ነገር እናይና "እማዬ ብታየው" እንላለን። በቃ፣ ያቺ ደቂቃ ናት ስጦታዋ።

---

ቡፌው ሞልቷል · እሁድ፣ ከምሽቱ 5፡12

ላኪዋ፣ አልተቀየምሽኝም አይደል? አንቺ ያልሽው ገብቶኛል። እኔም እኮ ለዚህ ነው ከካርቶን ያወጣኋቸው። ሲመስለኝ የበለጠ የሚያሳዝነው ሳይከፈቱ መቅረታቸው ነው። ግን እውነቱን ለመናገር እናንተም ትንሽ ጠይቁን። "ምን ልላክ?" ስትሉን እኛ "አይ ምንም አትቸገሪ" እንላለን። ከዚያ ሮቦት ይመጣል። ጥፋቱ የጋራ ነው።

---

ላኪዋ · እሁድ፣ ከምሽቱ 5፡20

"ምንም አትቸገሪ" የምትለው ነገር ነው የገደለችን። እሺ፣ ታርቀናል።

---

አብሲት በበረዶ · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡05

የእኔ ስጦታ በተቃራኒው ነው፣ ከፈረንጅ ወደ ሐበሻ።

ሚኒሶታ ነኝ። አዲስ ቤት የገባን ሰሞን ጎረቤታችን የሆኑ አሮጊት፣ ዘራቸው ከኖርዌይ ነው፣ አንድ ትልቅ ካርቶን ታቅፈው በበረዶ መጡ። "ሌፍሰ ትጋግሪበታለሽ" አሉኝ። ሌፍሰ ከድንች የሚሠራ ስስ ቂጣ ነው፣ ለገና በዓላቸው ይጋግሩታል። ካርቶኑን ከፈትኩት። ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ። ምጣድ! እሳቸው ስለ ድንች ያስረዱኛል፣ እኔ ስለ አብሲት እያሰብኩ ነው።

ቤታኒ ሄሪቴጅ ግሪል ይባላል። ለካ ብዙ ሐበሻ ቀድሞ ደርሶበታል፣ እዚህ በእሱ እንጀራ የሚጋግር ሞልቷል። እኔ ያኔ አላውቅም ነበር። ስፋቱ 16 ኢንች ነው፣ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ። የሀገር ቤት ምጣድ 60 አካባቢ ስለሆነ እንጀራዋ ልጅ እግር ትመስላለች። ሙቀቱ እስከ 500 ፋራናይት ይደርሳል። አንድ የጎደለው ክዳን ነው። ሌፍሰ ይገላበጣል እንጂ አይከደንም። እንጀራ ደግሞ አይገላበጥም፣ ካልተከደነ ላዩ ጥሬ ይቀራል። የሰፊ ድስት ክዳን ገዛሁለት። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ተቦጫጭቀው ለፍርፍር ሄዱ። አምስተኛዋ ዓይን አወጣች። ብቻዬን ወጥ ቤት ቆሜ እልል ማለት ምንም አልቀረኝም ነበር።

ከግሪሉ ጋር ረጅም ስስ እንጨት አብሮ አለ፣ የቂጣ ማገላበጫ። በእሱ ጠርዙን አነሳለሁ፣ ከዚያ ሰፌድ።

ለምስጋና አምስት እንጀራ አጣጥፌ ወሰድኩላቸው። ሽሮም በትንሽ ዕቃ። ሽሮውን አስቀመጡት። እንጀራውን ቅቤ ቀቡት፣ ስኳር ነሰነሱበት፣ ጠቅልለው ጎረሱ። ሌፍሰ የሚበሉት እንደዚያ ነው። "ኮምጠጥ ይላል፣ ግን ጎበዝ ነሽ" አሉኝ። እኔም ዝም አልኩ።

---

ሸገር በጠዋት · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡30

እንጀራ በስኳር። ዛሬ ምሳ አልበላም።

---

የሪያድ ወለዬ · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡00

እዚህ ሴቶች ልብስና ፀጉራቸውን በቡኹር ያጥናሉ። የማበጠሪያ ጥርስ ያለው፣ በቻርጅ የሚሠራ ማጨሻ ይሸጣል። ለእናቴ ኮምቦልቻ ላክሁላት። የመጀመሪያ ቀን እጣን ጨመረችበት። ቡኹሩ በዘይትና በሽቶ የተለወሰ እንጨት ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚጨሰው። እጣን ግን ሙጫ ነው። ቀለጠና እንደ ማስቲካ ተለጠፈበት። "ከሰል የሌለው ማጨሻ ምን ማጨሻ ነው" ብላ ወደ ገሏ ተመለሰች። ታናሽ እህቴ አሁን ዕቃውን እንደ ማበጠሪያ ትጠቀምበታለች።

---

ሦስተኛ በረካ · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡18

እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማ ውስጥ ነው የምኖረው። ቡና ስቆላ የጭስ ደወሉ ይጮኻል፣ ጎረቤት ይወጣል፣ እኔ በፎጣ እያራገብኩ በሩ ላይ እቆማለሁ። የሥራ ባልደረባዬ ለልደቴ በሞቃት አየር የሚሠራ ፈንዲሻ ማፈንጃ ሰጠኝ። አንድ ሰው በዚህ ቡና ይቆላል ሲል ሰማሁ። አንድ እፍኝ ጥሬ ቡና ጨመርኩ። ቡናው ውስጡ ይሽከረከራል፣ ገለባው በአፉ በኩል እንደ ቢራቢሮ ይበርራል። ቆይቶ ጣ ጣ ይላል። ጭሱ ከብረት ምጣዱ በጣም ያንሳል። አሁን መስኮት ከፍቼ አጠገቡ ነው የምቆላው። ቡናው እኩል ነው የሚጠቁረው። ከዚያ አጽድቼ በዚያው ፈንዲሻ አፈነዳለሁ። ቡናና ፈንዲሻ ከአንድ ዕቃ!

---

እትዬ ጀበና · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡40

እኩል ጠቆረ አልክ። ጭሱንስ ለማን አዞርክ? እንግዳው አፍንጫው ስር አድርጎ እስቲ በእጁ ወደ ፊቱ ካልሳበው ቡና ተቆላ ይባላል? ገለባውን በእፍታ ማን አበጠረው? ይሄ ፈንዲሻ ነው እንጂ ቡና አይደለም።

---

ሦስተኛ በረካ · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡52

እትዬ፣ ጭሱን ያዞርኩለት እሳት አደጋ መጥቶ ቢሆንስ? በበዓል ቀን ውጭ በረንዳ ላይ በምጣድ እቆላለሁ፣ ቃሌ ነው።

---

ቡፌው ሞልቷል · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡45

ተመለስኩ። መምህር፣ ውሃውን ከመስመሩ በላይ ግማሽ ጨመርኩ። ጠንካራ! አስኳሉ ዱቄት ሆነ። ትንሽ አበዛሁት መሰለኝ፣ ነገ እቀንሳለሁ። እማዬ ግን አልተደነቀችም። "ድስቱም እኮ ይቀቅላል" አለች። ድሬ፣ አድራሻህን በውስጥ ላክልኝ።

ሮቦቱን በበዓል ቀን መኝታ ቤት እንቆልፍበታለን።

ብርድ ልብሱ ደግሞ ተመለሰ። ትናንት ማታ ብርድ ነበር። ሳሎን ስገባ እማዬ አጥፋ ጉልበቷ ላይ አድርጋው ዜና ታያለች። "ለጉልበት ጥሩ ነው" አለች፣ ሌላ ምንም አላለችም። እኔም አላነሳሁባትም።

---

ቨርጂኒያ ያለችው · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡30

የአጎታችን ልጅ ሊንኩን ላከልኝ። ቄጠማው ላይ ስደርስ ሥራ ቦታ ጮክ ብዬ ስቄ ሰው አየኝ።

ጥያቄ አለኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት "ኤር ፍራየሩ ጉድ ነው፣ ይኸው" ብለሽ የድንች ጥብስ ፎቶ ልከሽልኛል። ያ ድንች የማን ነበር?

---

ቡፌው ሞልቷል · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡33

የመጥበሻ ነበር። ይቅርታ።

---

ሸገር በጠዋት · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡34

ዛሬ ማንም እንዳይተኛ።

---

ቨርጂኒያ ያለችው · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡41

ቆይ እንተያያለን። በታኅሣሥ ሰው ይመጣል፣ 3 ኪሎ ቦታ ሰጥቶኛል። አሁን ግን በደንብ እየጠየቅኩ ነው። "ምንም አትቸገሪ" የሚለው አይሠራም። እማዬ ምን ትፈልጋለች?

---

ቡፌው ሞልቷል · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡50

ጠየቅኳት። "ድንጋይ ትላክልኝ" ብላለች።

---

ቨርጂኒያ ያለችው · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡52

ምን? ድንጋይ ለብሼ አልተኛም ያለችው እሷ አይደለችም?

---

ቡፌው ሞልቷል · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡55

የባትሪ ድንጋይ። ለአብሽ መምቻዋ። ትንንሾቹን ነው፣ የሪሞቱን ዓይነት። የቴሌቪዥኑንም አውጥታ ጨርሳዋለች፣ ከትናንት ጀምሮ ቻናል የምንቀይረው ተነስተን ነው።